ባዶ ወንበር የሚጠጣው ነዳጅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ነዳጅ በተወደደ ወይም የማደያ ሰልፍ በረዘመ ቁጥር በጋዜጣም በሬዲዮም የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ የትኛው መኪና በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? መኪና ሊገዛ ላሰበ ሰው ጥያቄው ጥሩ ነው። ከተማና አገር ነዳጅ የሚቆጥቡበትን መንገድ ለሚፈልግ ግን ያሳስታል፤ በዚህ መለኪያ አውቶቡስ ምንጊዜም ተሸናፊ፣ በትንሽ መኪና ብቻውን የሚሄድ ሰው ምንጊዜም አሸናፊ ይሆናልና። ሊቆጠር የሚገባው አንድ ሰው 100 ኪሎ ሜትር እስኪጓዝ ስንት ሊትር እንደተቃጠለ ነው። እንዲህ ሲሰላ ደረጃው ይገለባበጣል፤ ከሞተሩ ዓይነት በላይ የባዶው ወንበር ብዛት ይወስናል።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የፍጆታ አሃዞች በደንብ የተያዘ ተሽከርካሪ በተለመደ አነዳድ የሚሰጣቸው፣ ለስሌት እንዲመቹ የተጠጋጉ ናቸው። የቤንዚን፣ የናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ ሊትሮችም ፍጹም እኩል አይደሉም። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋጁል ያህል ጉልበት ሲይዝ ቤንዚን 32 ገደማ ይይዛል፣ የአውሮፕላን ነዳጅ በመካከላቸው ነው። ልዩነቱ አሥር በመቶ ገደማ ስለሆነ ከታች የምናየውን ትልቅ ርቀት አይለውጠውም።

ስሌቱ በራሱ ቀላል ነው፤ ተሽከርካሪው በ100 ኪሎ ሜትር የሚጠጣውን ለተሳፋሪው ቁጥር ማካፈል ነው። ሰው የሚስተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ የታክሲና የአውቶቡስ ሾፌርና ረዳት ከተሳፋሪ አይቆጠሩም፤ የትም ሊደርሱ ፈልገው አይደለም የተነሱት። ሁለተኛ፣ ባዶውን የተነዳው ኪሎ ሜትር መግባት አለበት።

ይህ ሁለተኛው ነጥብ በስልክ ተጠርተው በሚመጡ ታክሲዎች ላይ ጎልቶ ይታያል። ቪትዝን የመሰለች ትንሽ የቤንዚን መኪና በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ትጠጣለች እንበል። ባለቤቷ ብቻውን ሲነዳት ለአንድ ሰው 8 ሊትር ነው። ያችው መኪና ታክሲ ሆና 3 ኪሎ ሜትር ባዶዋን መጥታ አንድ ሰው 6 ኪሎ ሜትር ብታደርስ፣ 9 ኪሎ ሜትር ተነድቶ የተጓጓዘው ሰው ግን 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ሰው 12 ሊትር ይደርሳል። የራስን መኪና ቤት አቁሞ ታክሲ መጥራት የመኪና ማቆሚያ ጣጣ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ነዳጅ አይቆጥብም። ሁለት ሰው ተጋርቶ ከተሳፈረ 6 ሊትር ይሆናል፣ ያኔ ነው የሚያዋጣው። ሦስት ሰው የጫነች ባጃጅ በ100 ኪሎ ሜትር ከ3 እስከ 3.5 ሊትር ስለምትጠጣ ለአንድ ሰው ከአንድ ሊትር ብዙም አትዘልም። ባጃጅን በጭሷና በአደጋዋ መውቀስ ይቻላል፤ ነዳጅ ታባክናለች ማለት ግን አይቻልም።

ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ከተማ ውስጥ 12 ሊትር ናፍጣ ጠጥቶ 12 ሰው ቢይዝ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ነው። አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው የከተማ አውቶቡስ በየፌርማታው እየቆመ 45 ሊትር ሊጠጣ ይችላል። 60 ሰው ከጫነ ለአንድ ሰው 0.75 ሊትር፣ ማታ ስምንት ሰው ይዞ ከዞረ ደግሞ 5.6 ሊትር። ሁለተኛው አሃዝ ሁለት ሰው ከጫነች ቪትዝ የከፋ ነው። ስለዚህ «አውቶቡስ ይቆጥባል» የሚለው አባባል ሰዓትና መስመር ሳይጠቀስ ምንም አይነግረንም።

እዚህ ላይ ተሳፋሪ የሚያማርርበት የመናኸሪያና የታክሲ ተራ ልማድ፣ ማለትም ሳይሞሉ አለመነሳት፣ በነዳጅ ዓይን ሲታይ ሊመሰገን ይገባዋል። በሰዓት ሰሌዳ የሚነሳ አውቶቡስ ግማሽ ባዶ ሆኖም ይሄዳል። የእኛ ሚኒባስ ግን ሞተሩን አጥፍቶ ወንበሩ እስኪሞላ ይጠብቃል፤ የጠፋው የተሳፋሪው ጊዜ ነው፣ ናፍጣው አልተነካም። ችግሩ የመልስ ጉዞው ነው። ጠዋት ከአያት ወይም ከቃሊቲ ወደ መሀል ከተማ የሚገባው ሁሉ ጢም ብሎ ይገባል፣ ሲመለስ ግን ወንበሩ ባዶ ነው። ሲመጣ 12፣ ሲመለስ 3 ሰው የያዘ ሚኒባስ አማካዩ 7.5 ሰው ስለሆነ የአንድ ሰው ድርሻ ከአንድ ወደ 1.6 ሊትር ያድጋል። ቢሮዎችና ትምህርት ቤቶች ሁሉ መሀል ከተማ እስከተከማቹ ድረስ ይህን የትኛውም አዲስ ሞተር አያስተካክለውም።

በሊትር የሚለካው ልማዳችን ሌላም ወጥመድ አለው። አንድ ቅጥቅጥ በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው ተጠግኖ 6 ቢሄድ ማንም አይደነቅም፤ የቤት መኪና ከ15 ወደ 20 ቢያድግ ግን ወሬ ይሆናል። በ100 ኪሎ ሜትር አስሉት። ቅጥቅጡ ከ20 ሊትር ወደ 16.7 ወረደ፣ 3.3 ሊትር ተረፈ። የቤት መኪናዋ ከ6.7 ወደ 5 ወረደች፣ የተረፈው 1.7 ብቻ ነው። ቅጥቅጡ በቀን የሚሄደው ኪሎ ሜትር ደግሞ ብዙ እጥፍ ነው። ለጥገናና ለመለዋወጫ የሚመደብ የውጭ ምንዛሪ ካለ ቅድሚያው ለማን እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ ረጅም መንገድ እንውጣ። አዲስ አበባ–ድሬዳዋን የመረጥኩት የቤት መኪና፣ አውቶቡስ፣ አውሮፕላንና የኤሌክትሪክ ባቡር አራቱም የሚሄዱበት መስመር ስለሆነ ነው። የአስፋልቱን ርቀት ለስሌት 450 ኪሎ ሜትር እንበለው፤ አውሮፕላኑ በቀጥታ 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚበረው። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የምትጠጣ ኮሮላ 36 ሊትር ታቃጥላለች፤ ብቻውን ለሚነዳ ሰው ሙሉው 36 የእሱ ድርሻ ነው። አራት ሆነው ሻንጣ ጭነው ቢሄዱ ፍጆታው ትንሽ ጨምሮ ለእያንዳንዱ 9.5 ሊትር አካባቢ ይደርሳል። 12 ሰው የያዘ አባዱላ 50 ሊትር ጠጥቶ ለአንድ ሰው 4 ሊትር ከምናምን ያስወጣል። በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር የሚጠጣ ትልቅ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ 135 ሊትር ያስፈልገዋል፤ 45 ሰው ከያዘ 3 ሊትር፣ 20 ሰው ከያዘ 7 ሊትር ለአንድ ሰው።

አውሮፕላኑስ? ወደ አገር ውስጥ ከተሞች በአብዛኛው የሚመደበው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው፤ 78 ወንበር ገደማ አለው። እንዲህ ባለ አጭር በረራ 800 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 1,000 ሊትር ያህል ነዳጅ ያቃጥላል። ሁሉም ወንበር ከተያዘ ለአንድ ሰው 13 ሊትር፣ 55 ሰው ብቻ ካለ 18 ሊትር ነው። ብዙ ሰው የማይጠብቀው ይህ ነው፤ ብቻውን መኪና ነድቶ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው በአውሮፕላን ከሚሄደው እጥፍ ነዳጅ ያቃጥላል። አራት ሆኖ በመኪና የሚሄድ ግን ከአውሮፕላኑ ያነሰ ያቃጥላል፣ የሞላ አውቶቡስ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ። ፕሮፔለሩም ዝም ብሎ የቆየ ቴክኖሎጂ መስሎ ሊታይ አይገባም፤ በዝቅተኛ ፍጥነት ብዙ አየር በዝግታ ስለሚገፋ ለአጭር መንገድ ከጄት ይልቅ ቆጣቢ ነው። አጭር በረራ በኪሎ ሜትር ውድ የሚሆነው ለመነሳትና ከፍታ ለመያዝ የሚወጣው ነዳጅ በጥቂት ኪሎ ሜትር ስለሚካፈል ነው።

የረጅም በረራው ሁኔታ ሌላ ነው። ቦይንግ 787-8 ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለውን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲበር በወንበር 320 ሊትር ያህል ያስፈልገዋል፤ በ100 ኪሎ ሜትር 2.8 ሊትር ማለት ነው። ሁለት ሰው ከጫነች ኮሮላ ያነሰ ነው። ከወንበሩ 80 በመቶው ብቻ ቢያዝ የአንድ ሰው ድርሻ 400 ሊትር፣ ደርሶ መልስ 800 ሊትር ይሆናል። ያችን 8 ሊትር የምትጠጣ ቪትዝ 10,000 ኪሎ ሜትር መንዳት ማለት ነው። ለዘመን መለወጫ ወይም ለሠርግ አገር ቤት ደርሶ የሚመለስ ሰው ዓመቱን ሙሉ በአውቶቡስ የቆጠበው በአንድ ጉዞ ያልቃል፤ በኪሎ ሜትር መቆጠብና በጠቅላላ መቆጠብ ለየቅል ናቸው። ቢዝነስ ክላስ የሚቀመጠው ደግሞ የሚይዘው የወለል ስፋት የኢኮኖሚውን ሁለትና ሦስት እጥፍ ስለሆነ ድርሻውም በዚያው ልክ ይጨምራል።

በዚህ መስመር የቦሌ ከፍታ ራሱን የቻለ ወጪ አለው። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት አይችልም። ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ መሀል ላይ አርፎ ነዳጅ የሚሞላው፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የሚመጣው ለዚህ ነው። ማረፉ ሁሌም ብክነት እንዳይመስል፤ በረጅም በረራ ላይ የተሸከሙት ትርፍ ነዳጅ በሰዓት ከ3 እስከ 4 በመቶ የሚሆነው ራሱን ለመሸከም ብቻ ይቃጠላል።

ባቡሩ ነዳጅ አይጠጣም፤ በ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፣ የአገራችን ኤሌክትሪክም ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ የሚመነጭ ነው። ኃይሉ ከናፍጣ ጀኔሬተር ቢመጣ እንኳ ባቡሩ ጥቅም አለው፣ ምክንያቱም ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል ግጭቱ ትንሽ ነው። አንድ ቶን በደልዳላ መንገድ ለማንከባለል በሐዲድ ላይ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም ግፊት ሲበቃ የአውቶቡስ ጎማ ከ6 እስከ 10፣ የቤት መኪና ጎማ ከ10 እስከ 15 ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጠው ይህ መስመር ግን አንድ ድክመት አለው፤ የለቡም የድሬዳዋም ጣቢያ ከመሀል ከተማ ርቀው ነው የተሠሩት። ከፒያሳ ብቻውን ታክሲ ጠርቶ 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መንገደኛ፣ ባዶው ምልልስ ሲታከል 1.8 ሊትር ቤንዚን ያቃጥላል። ድሬዳዋ ድረስ በሞላ አውቶቡስ ቢሄድ ኖሮ ድርሻው 3 ሊትር ብቻ ነበር። ከባቡሩ ሰዓት ጋር የሚገጥም አንድ የከተማ አውቶቡስ ለቡ ላይ መመደብ ከብዙ ማስታወቂያ የተሻለ ይሠራል።

ስለ ዳገት የሚነገረውም በቁጥር ሊታይ ይገባል። አንድ ቶን ጭነት 100 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት በጥሩ ናፍጣ ሞተር 0.08 ሊትር ገደማ ይፈጃል። የዓባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮንም ሆነ ከደጀን በኩል እስከ ድልድዩ 1,400 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። 15 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ ከድልድዩ ደጀን እስኪወጣ ለከፍታው ብቻ 17 ሊትር ያህል ያቃጥላል። ሲወርድ ግን ያንን አይመልስም፤ ሙቀት ሆኖ በፍሬን ይጠፋል። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ቁልቁለቱን በባዶ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። በኤሌክትሮኒክስ የሚመራ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፤ በባዶ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሰዓት 2 ወይም 3 ሊትር ይጠጣል፣ ፍሬኑም ግሎ መያዝ ያቆማል። በዚያ ቁልቁለት ይህ ከነዳጅ በላይ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ከቁልቁለቱ የተወሰነውን መልሶ ይሰበስባል። 1.8 ቶን የምትመዝን መኪና ያንን ገደል ስትወርድ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ትለቃለች፣ ከግማሽ በላዩን ወደ ባትሪ መመለስ ትችላለች። ይህ የሚሆነው ግን ባትሪው ቦታ ካለው ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ 100 በመቶ ሞልቶ የሚወርድ ሰው መልሶ የሚሞላበት ክፍት ቦታ ስለሌለው ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ 80 በመቶ ላይ ማቆም ይሻላል። ፍጆታዋ በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፣ ከሶኬት ሲለካ በሙሌቱ የሚባክነውን ከ10 እስከ 15 በመቶ ይጨምሩበት። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ የነዳጅ ሂሳቡን ያቀላል። ብቻውን የሚነዳ ሰው የያዘው የመንገድ ስፋት ግን በኤሌክትሪክ መኪናም ያው ነው፤ ከኋላው ቆሞ የሚጠብቀው ናፍጣ አውቶቡስ ሳይንቀሳቀስ በሰዓት 2.5 ሊትር ገደማ ያቃጥላል። የአውቶቡስ ብቻ መስመር መጠበቅ፣ በመለዋወጫ እጦት የቆሙትን የከተማ ቀላል ባቡሮች ማንቀሳቀስ ከነዳጅ ቁጠባ ጋር የሚገናኘው በዚህ ነው።

ስለ ጥገና ባጭሩ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል 20 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ ቱርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ ሞተር ነዳጅ የሚገፋው ፖምፓው ለቆላ በተስተካከለበት መጠን ከረጨ የሚበዛው ነዳጅ ሳይቃጠል በጥቁር ጭስ ይወጣል። ፖምፓውና ኖዝሉ ተፈትሾ እዚሁ ከፍታ ላይ መስተካከል አለበት። በየጋራዡ ቴርሞስታት (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ክዳን) አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው፤ ሞተሩ እንዳይግል ተብሎ ነው የሚደረገው፣ ውጤቱ ግን በብርዳማ ከተማ ሞተሩ ሳይሞቅ መዋል፣ ፍጆታ መጨመርና ዘይት ቶሎ መበላሸት ነው። የሚግል ሞተር ካለ ራዲያተሩ ይጸዳ፣ የውኃ ፓምፑ ይታይ። ከጉዞ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው። በፍጥነት መንገድ ከ90 ወደ 120 መጨመር የቤት መኪናን ፍጆታ በሩብና ከዚያ በላይ ያሳድጋል።

በመጨረሻ ስለ አለካክ። ማንም ሰው አሃዝ ሲነግራችሁ እንዴት እንደለካ ጠይቁት፤ በዳሽቦርድ መርፌ የተገመተ ዋጋ የለውም። ትክክለኛው መንገድ ከሙሉ እስከ ሙሉ ነው። የማደያው ማሽን በራሱ ቀጥ ሲል ማቆም፣ ኪሎ ሜትሩን መጻፍ፣ ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር መሄድ፣ እዚያው ማሽን ላይ በዚያው አቋቋም መልሶ መሙላት፣ የገባውን ሊትር ለኪሎ ሜትሩ አካፍሎ በ100 ማባዛት። ማሽኑ ካቆመ በኋላ ቀጂው ጥቂት ከጨመረ ወይም መኪናው በተዘነበለ መሬት ላይ ከቆመ ሁለትና ሦስት ሊትር ይዛባል። ናፍጣ አረፋ ስለሚሠራ በዝግታ መቅዳት ይሻላል። ጎማው ከፋብሪካው ልኬት ተለይቶ ዙሪያው በ3 በመቶ ከበለጠ ደግሞ ቆጣሪው 100 ሲል መኪናው 103 ሄዷል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ ወደፊት የተሽከርካሪዎችን ፍጆታ ሲያነጻጽር ከሊትሩ ጎን ሦስት አሃዞች እንዲያክልልን እጠይቃለሁ፦ ስንት ሰው እንደጫነ፣ ባዶውን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ፣ በምን መንገድ እንደተለካ።

ከአክብሮት ጋር፣
የተሽከርካሪ መሐንዲስ የሆንኩ አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ